የአባባ የወረቀት ልብሶች

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጉም። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ... እንደማይደርቅ እያወቅኩ። ሌላ ምን ልሥራ?

የአባባን ፊት አጠብኩ። ቀኝ ክንዳቸውን በዘይት አሸሁ። ገንፎ አበላሁ፤ ትንሽ ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ያቺን የጎማ ኳስ ሰጠኋቸው። "ይጨብጧት፣ አባባ" አልኩ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት፤ ተንከባላ ወደቀች። አነሳሁ። ወደቀች። አነሳሁ። እስከ ዙህር ሶላት እንዲህ ነው የምንውለው።

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ በሚሠሩበት በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፉ ሳሉ ነው የስፌት መኪናቸው ላይ ድፍት ያሉት። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው፤ ምላሳቸውንም አሰረው። የደወሉልኝ ጋሽ ሞላ ናቸው፤ እዚያው በረንዳ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰፉ ጓደኛቸው። እኔ ኮምቦልቻ፣ ልብስ ፋብሪካ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። የፋብሪካውን ጋውን ሳላወልቅ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ለሦስት ቀን ነበር የመጣሁት...

እማዬ ከሞተች አራት ዓመቷ። ወንድሜ ሀፊዝ ቢስቲማ ከተማ አስተማሪ ነው፤ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ይመጣል፤ ያዝዛል፤ ይሄዳል። የአባባ እህት፣ አክስቴ ሐዋ፣ ያኔ ከገራዶ መጥታ እኔ ላስታምመው፣ አንቺ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብላኝ ነበር። ማን እምቢ አለ? እኔው። ልጅ እያለችው እህቱ አስታመመችው ከሚባል... ሰው ምን ይላል ብዬ። አሁን ያ ሰው የት አለ? መጥቶ ልብሱን አያሰጣልኝም።

ዛሬ ከግቢው በር አልወጣሁም። ትናንትም አልወጣሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ኳሷን ወረወሯት። በደህናው እጃቸው። አልጋ ሥር ገባች። እዚያው ትቅር።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጽናት ደወለች። ፋብሪካ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው። የስፌት መስመራችን ተቆጣጣሪ ልትለቅ ነው፤ አለቆቹ የኔን ስም ጠርተዋል። "ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ ጠዋት ከተገኘሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልተገኘሽ ለሌላ ይሰጡታል" አለችኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኪስ ስሰፋ... ኪስ ብቻ። እዚያ አንድ ሰው አንድ ነገር ነው የሚሰፋው። ኮሌታ የምትሰፋው ሌላ፣ እጅጌ የምትሰፋው ሌላ። ሸሚዙ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በወጉ አይቼው አላውቅም። ተቆጣጣሪ ማለት ከወንበር ተነስቶ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር መሄድ ማለት ነው። መሄድ... ቃሉ ራሱ ደስ ይላል።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። እንዴት ይነገራል? ቶሎ ይነሱልኝ፣ ልሄድ ነው ይባላል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረን። ባጃጁ በሰኞ ገበያ በኩል ወሰደን። በረንዳው ጋ ስንደርስ ጋሽ ሞላ አይተውን፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብድግ አሉ። የአባባ የስፌት መኪና በሸራ ተሸፍኗል። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እንዳያዩት።

እጃቸውን የምታሠራቸው ባለሙያ ጣታቸውን አንድ በአንድ ጎትታ አየች። ጉልበቱ እየመጣ ነው አለች። ያልመጣው ፍላጎቱ ነው። "ኳሱን ካልወደዱት የሚወዱትን ፈልጊላቸው። ምን ይወዱ ነበር?" አለችኝ። ተናደድኩባት። ኳሱን የሰጠችን እሷ አይደለች?

ስንመለስ አባባ ባጃጁ ውስጥ አንቀላፉ። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ቀለውብኛል። ምን ይወዱ ነበር... መሥራት ነዋ። ሌላ ምን ሲወዱ አይቼ አውቃለሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልጋቸው ሥር ስጠርግ ካኪ ወረቀቶቻቸውን አገኘሁ። ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ልክ የሚያወጡባቸው። ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረዋል። የሰው ስም ተጽፎባቸዋል። የሞተ ሰው፣ ዐረብ አገር የሄደ ሰው፣ ወፍሮ ልኩ የተቀየረ ሰው...

መቀስ ልስጣቸው? በዚያ እጅ አይሆንም። ግን እኔ ብቆርጥስ? መዳፍ የሚያክል ልብስ። የወረቀት ሸሚዝ፣ የወረቀት ጀለቢያ፣ የወረቀት ዩኒፎርም። በዕድሜያቸው ከሰፉት ያስታወስኩትን ያህል። አልጋቸው ፊት ለፊት ሲባጎ ወጥሬ እሰቅለዋለሁ። ባዶ ግድግዳ ከሚያዩ ሥራቸውን ይዩ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ለእሳቸው ብቻ ብዬ አይደለም። ቶሎ ከተሻላቸው እሄዳለሁ። ቀን እየቆጠርኩ ነው ስጦታ የምሠራው። ከራስ በላይ ነፋስ... ይሄ አላህ ዘንድ ወንጀል ይሆን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ኩሽና ተደብቄ ነው የምሠራው። ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ አደረግኩት። አውራ ጣቴን በመቀስ ቆረጥኩ፤ የጋሽ ሞላ የወረቀት ኮት ላይ ደም ነጠብ አለ። ኪስ ለጠፍኩበትና ሸፈንኩት። ኪስ እንኳ አሳምሬ እችላለሁ።

የቀረው ግን ጉድ ነው። አንዱ እጅጌ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ኮሌታው አልታጠፍ አለኝ። ሦስት ዓመት ልብስ ፋብሪካ ሠርቼ ሸሚዝ መቁረጥ አልችልም። የልብስ ሰፊ ልጅ ደግሞ። ልጅ ሆኜ መኪናቸው ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ነው ያደግኩት፤ ለካ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ እጃቸውን አላየሁም።

የጎረቤታችንን የመዲናን የኒካህ ቀሚስም ሠራሁ። ከረሜላ የሚጠቀለልበትን ብልጭልጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። እውነተኛው ብልጭልጭ አልነበረውም። ይቅር ትበለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰቀልኩት። ተኝተው ሳሉ። ዐሥራ አንድ ልብስ፣ በልብስ መቆንጠጫ።

ነቁ። አዩ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። የመዲና ቀሚስ ጋ ቆመ። የጋሽ ሞላ ኮት ጋ ቆመ። ከዚያ ግማሽ አፋቸው ሳቀ። ግማሹ ብቻ፣ ግን ሳቀ። አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልገባኝም። ጠጋ አልኩ። ደገሙት።

"ኮ... ሌታው... ጠማማ ነው።"

አለቀስኩ። ወላሂ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሳቸው ማልቀሴን ከምንም አልቆጠሩት፤ እጃቸውን ወደ ኮቱ ዘረጉ፤ አውርጂልኝ ማለታቸው ነው። መቀሱን በግራ ያዙ። ወረቀቱን በምን ይያዙት? በቀኝ። ቀኙ ተንቀጠቀጠ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ለኳስ እምቢ ያለ እጅ ለኮሌታ እሺ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አሁን በየጠዋቱ ነው። ቁርስ እንደቀመሱ "ዛሬስ?" ይላሉ። ምን ሠራሽ ማለታቸው ነው። እኔ እቆርጣለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። ሲቆጡ ምላሳቸው ይፈታል። "ብብቱን አጥብበሽ... ሰውየው እንዴት ክንዱን ያንሳ?" አሉኝ ዛሬ። ሰውየው የት አለና ነው ክንድ የሚያነሳው? ግን አስፍቼ ቆረጥኩ።

ጠያቂ ሲመጣ ሁሉም ግድግዳውን ያደንቃል። አብሽር፣ አይዞህ በሺር፣ ሱቅ ከፍተሃል ይሏቸዋል አባባን። ጋሽ ሞላ ከበረንዳው አንድ ጥቅል ካኪ ወረቀት ይዘው መጡ። ሲወጡ፣ በሺር ወራሽ አገኘ፣ መኪናውን በየሳምንቱ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ አንቺን እየጠበቀ ነው አሉኝ። ይቀልዱ ይሆን? አባባ ሰምተዋል። ፈገግ አሉ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ... ከዚያ ኩሽና ገብቼ እስከ ታኅሣሥ 13 የቀረውን ቀን ቆጠርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የሥራውን ነገር ለሀፊዝ በስልክ ነገርኩት። አስተማሪነቱ መጣ። አባባ በወረቀቱ ነው የተነሱት፤ አሁን ትተሻቸው ብትሄጂ ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ኋላ ላንቺም ጸጸት ነው። "እስቲ ትንሽ ታገሺ" አለ። ትንሽ ስንት ነው? አልጠየቅኩትም። ቢስቲማ ሆኖ መታገሥ እንዴት ቀላል ነው።

የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ። ማን አስገደደኝ? እኔው ቆረጥኩ፣ እኔው ለጠፍኩ፣ እኔው ሰቀልኩ። ስጦታ ሰጠሁ፤ ስጦታው ያዘኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

መዲና ከአባባ ጋር ልቆይልሽ አለችኝና ሽንኩርትና ሙጫ ልገዛ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ ሰው በሰው ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። የሚኒባስ ረዳት "ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው" ይላል። ገባሁ። ሽንኩርቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ልጇን እያጠባች ወደ ውጭ ታያለች።

ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ፣ ተሳስቻለሁ ወራጅ አለ አልኩ። ረዳቱ ተቆጣ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ሙጫውን ረስቼ ተመለስኩ። መዲና የት ቆየሽ አላለችም። ይሄም ከበደኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

"ዛሬስ?" ሲሉ ሰማሁ። ያልሰማሁ መስዬ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበ ዕቃ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

አንድ ጉድ ላውጣ። ኮሌታ መቁረጥ ለምጃለሁ። እጅጌም። ትናንት የሠራሁት ሸሚዝ እንከን አልነበረውም። አገላብጠው አዩት፤ "ደህና ነው" ብለው አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ዋሉ። የሚያርሙት አጡ ብዬ ደነገጥኩ። ስለዚህ ዛሬ ሆን ብዬ አጣመምኩት። በጥንቃቄ ነው የማጣምመው፣ እንዳያውቁብኝ። ተቆጡ፤ አረሙ፤ ደስ አላቸው... መሰለኝ።

እንግዲህ ሥራዬ ይሄ ሆኗል። ለማጣመም በማለዳ መነሳት።

የመጀመሪያው ሲባጎ ሞላ። ሁለተኛ ወጠርኩ፣ ሦስተኛም። ክፍሉን የማቋርጠው ጎንበስ ብዬ ነው። ቀና ካልኩ የሆነ ሰው እጅጌ ፊቴን ይነካኛል። ዛሬ አንዱን በጥፊ መታሁት። ከወረቀት ጋር ተጣላሁ ማለት ነው... ሰው ቢያየኝ ምን ይል ይሆን? ደግሞ ሰው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ነገ ነው። ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ከአልጋዬ ጀርባ ደብቄያለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከቁርስ በኋላ... ከዙህር በኋላ... ከአስር ሶላት በኋላ...

ከአስር በኋላ አባባ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆለፉ። ሁሉንም ቁልፍ፣ በቀኝ እጃቸው። ላብ በላብ ሆነው። ጨርሰው ቀና ብለው አዩኝና "ባንቺ ነው" አሉ።

ከዚህ በኋላ ምን ይነገራል?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዛሬ ነበር። ጽናት ሦስቴ ደወለች። አላነሳሁም። ዩኒፎርም ሠራሁ፤ እጅጌውን አሳጥሬ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ የሰማሁትን ልጻፈው።

ጋሽ ሞላ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። በሩን ይዘው ቆሙ፤ ልጄ አትቀየሚኝ እንጂ ወረቀቱን ብትቀንሺለት አሉኝ። ምነው ስላቸው አንገራገሩ። ከዚያ አወጡት። አባባ ወረቀት ከሰለቻቸው ሦስት ሳምንት አልፏል። በረንዳው ነው የናፈቃቸው፣ ሰው ነው፣ ጨርቅ ነው። ታዲያ ለምን አይናገሩም? ለጋሽ ሞላ እንዲህ ብለዋቸዋል፤ ልጅቷ በኔ ሰበብ ቤት ውላ ልትታመምብኝ ነው፣ ፊቷ የሚፈታው ወረቀቱን ስትቆርጥ ብቻ ነው፣ እሷን ላጫውት ብዬ ነው የምውለው።

ጋሽ ሞላ ሄዱ። እኔ በሩ ጋ ቀረሁ። እሷን ላጫውት... ፊቴ የሚፈታውስ እሳቸው ደስ እንዲላቸው ብዬ እየፈታሁት አልነበረም?

ገባሁ። መቀሱን ይዘው እየጠበቁኝ ነው።

"አባባ፣ ወረቀቱ ሰልችቶዎታል?"

መቀሱን አስቀመጡ። "ሞላ... አፉ አያርፍም።"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"መጀመሪያ የሰቀልሽው ቀን... ወላሂ ነፍስ ነው የዘራሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ላንቺ ነው።"

እኔም ለእርስዎ ነበር አልኩ። ከዚያ አፌ አልዘጋ አለ። ኮምቦልቻን፣ ተቆጣጣሪነቱን፣ ሚኒባሱን፣ ቦርሳውን፣ ሆን ብዬ ያጣመምኳቸውን ኮሌታዎች ሳይቀር። ኮሌታዎቹን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስሕተቱ መብዛቱን አይተው ነበር። እሷ እንዲህ የምትሳሳተው መላ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው፣ እየታመመች ነው ብለው አስበው ነበር።

"ቀኑ መቼ ነው?" አሉ።

"ሰኞ ነበር። አልፏል።"

እንስቃለን ብዬ ነበር። የሚያስቅ ነው እኮ። አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ። በቀኝ እጃቸው፣ በዚያ በታመመው፣ አጠገባቸው ያለውን ሲባጎ ይዘው ጎተቱት። ልብሱ ሁሉ አልጋው ላይ ረገፈ።

"ይሉኝታ" አሉ። "ለኔ ብለሽ እንጀራሽን... እኔን አፍ አለህ ብለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበር?"

እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም ልል ነበር፤ አላልኩም። ወደ ግድግዳው ዞሩ። የረገፈውን ልብስ አንድ በአንድ ለቀምኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

አባባ ስልክ አምጪ አሉ። ለሀፊዝ ራሳቸው ደወሉለት። ቀስ ብለው፣ እየተንተባተቡ፣ ግን ሳይጨርሱ አልዘጉም። ከዚያ ለአክስቴ ሐዋ። ነገ ትገባለች። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ታደርሳቸዋለች፤ ለጋሽ ሞላ ቁልፍ እየተከሉ ይውላሉ። በአንድ ጠዋት፣ በሁለት ስልክ አለቀ። ሦስት ወር የታሰርኩበት ነገር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ግን ከፋኝም... ያለ እኔ የማይሆን መስሎኝ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ፣ ጥር 7፣ ኮምቦልቻ

ሙቀት ነው እዚህ። ጋቢዬን ለምን ይዤ መጣሁ?

ቦታው ተወስዷል። ለእስከዳር ነው የሰጡት፤ ከኋላዬ ትቀመጥ ለነበረችው። ጥሩ ልጅ ናት፤ የባሰ የሚያናድደው ይሄ ነው። እኔ ወደ ኪሱ ተመልሻለሁ። እስከዳር መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፤ አጠገቤ ስትደርስ ዓይኗን ትሰብራለች። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ተፈታሁ ብዬ ነበር። ለጽናት ብነግራት፣ የእስር ክፍል ቀየርሽ እንጂ ምን ተፈታሽ ብላ ሳቀችብኝ።

በምሳ ሰዓት አባባ ደወሉ። ከበረንዳው ነው፤ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ እርስዎስ? ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። አክስቴስ? ደህና ናት። ልንዘጋ ነበር።

"ዊዳድ" አሉ። "እንደገና ልጠይቅሽ። ደህና ነሽ?"

ደህና ነኝ የሚለው ምላሴ ላይ ነበር።

"አይደለሁም" አልኩ። "ቦታውን ለሌላ ሰጥተውታል። በጣም ከፍቶኛል።"

"እኔም" አሉ። "እጄ ጨርቅ ላይ እምቢ አለኝ። እንደ ወረቀት አይደለም። ቁልፍ ሁሉ አይደለም የሚተከልልኝ። ጠዋት አለቀስኩ... ሞላ እንዳያየኝ ዞር ብዬ።"

አብሽሩ ልላቸው ነበር። አብሽሪ ሊሉኝም ነበር መሰለኝ፤ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ። አልተባባልንም። ስልኩን ይዘን ቆየን። የእሳቸው ገበያ ለኔ ይሰማል፤ የኔም ፋብሪካ ለእሳቸው። የመግቢያው ደወል ሲጮህ ግቢ በቃ አሉኝ። ነገም በዚህ ሰዓት ይደውላሉ።

ምሳዬን ሳልበላ ገባሁ።